የጎንዶሬ ስንጥቅ

ሩሀማ የጎንዶሬን ዳገት ከዓይኗ ይልቅ በእግሯ ነበር የምታውቀው። ከሐዋሳ ተነስቶ ቱላን ካለፈ በኋላ ከአስፋልቱ ወደ ግራ የሚታጠፈውን፣ የወንዙን ሸለቆ ተከትሎ በእንሰትና በቡና ማሳ መሃል የሚሾልከውን የብስክሌት መንገድ ያወጣችው እሷው ናት። ማንም አላሳያትም። ከሰኔ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ እየወጣች፣ የእግረኛውንና የአህያውን መንገድ እየጠየቀች፣ እየተሳሳተችና እየተመለሰች፣ ጭቃው ሲበረታ ብስክሌቷን በትከሻዋ ተሸክማ እያለፈች ቀጣጥላ ቀጣጥላ የሰባ ሁለት ኪሎ ሜትር ዙር አደረገችው። ከዚያ ሁሉ መንገድ ልቧን የወሰደው ከእንጨት ድልድዩ እስከ ኮረብታው ወገብ የሚወጣው ሦስት ኪሎ ሜትር ነው። የት ማርሽ እንደምትቀይር፣ የት ከኮርቻው ብድግ እንደምትል፣ የት ትንፋሿን እንደምትሰበስብ በቃሏ ይዛዋለች። የመጨረሻውን ቀላል ማርሽ የምታስገባው ትልቁ ዋንዛ ሥር ስትደርስ ነው፤ ከዚያ በፊት አስገብታ አታውቅም።

በጳጉሜኗ ቅዳሜ ግን ዋንዛው ገና በሩቁ እየታየ እግሯ እምቢ አለ። ወርዳ ብስክሌቷን አገላብጣ አየች። ጎማው አየር አልጎደለውም፣ ፍሬኑ አልያዘም፣ ካቴናውም ደህና ነው። ጉንፋን ሊይዘኝ ይሆናል ብላ ቀላሉን ማርሽ አስገብታ ቀጠለች። ዋንዛው ጋ ስትደርስ ደግሞ፣ ሁልጊዜ ደረቷን የሚያቃጥላት ቦታ ላይ፣ መንገዱ ረገብ አለላት። ሜዳ ሆነ ማለት ይቻላል። ቆማ ወደ ኋላዋ ተመለከተች። ዳገት ከቦታው አይሄድ ነገር፣ አለች ለራሷ። ነገሩ ግን አላማራትም።

ሩሀማ የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት ናት። ጉልበቷ እስኪጎዳ ድረስ ለክለብ ተወዳድራለች፤ ከዚያ ወዲህ ከሳሙኤል ጋር ሆና እንግዶችን በብስክሌት የማስጎብኘት ሥራ ይዛለች። ሳሙኤል ሃምሳን የተሻገረ፣ ድሮ የቱሪስት መኪና ይነዳ የነበረ፣ አሁን ሐይቁ ዳር ብስክሌት የሚያከራይ ሰው ነው። እሷ መንገድ ታወጣለች፣ እሱ እንግዳ ያመጣል። ለጥቅምት ሁለተኛ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ የሚመጡ አሥራ አንድ ሰዎች መዝግቧል። ሰዎቹን የሳበቻቸው አንዲት ፎቶ ናት፤ ሩሀማ ከወይዘሮ ታቢታ ደጃፍ ቆማ ያነሳቻት። ከታች ወንዙ ሸለቆው ውስጥ ሲጥመዘመዝ፣ ከዚያ ወዲያ ኮረብታ በኮረብታ ላይ ሲደራረብ፣ በጣም ርቆ ደግሞ ሐይቁ እንደ ብር ክር ሲያበራ ይታይበታል።

ወይዘሮ ታቢታ ባላቸውን ከቀበሩ ዘጠኝ ዓመት የሆናቸው፣ ዕድሜያቸው ስድሳ አምስት ግድም የሆነ ሴት ናቸው። ሩሀማ መጀመሪያ ጊዜ ጭቃ ለብሳ ደጃፋቸው ላይ ስትቆም፣ ማን ነሽ ከየት ነሽ ሳይሉ እርጎ ነበር ያቀረቡላት። በኋላ ነው እንግዶቹ እሳቸው ግቢ አርፈው፣ በቅቤ የታሸ የቆጮ ቡርሳሜ በልተው እንዲሄዱ የተስማሙት። ከዚያ ወዲህ ሴትዮዋ ቤታቸውን እንደ ሰርግ ቤት ሲያሰናዱ ሰነበቱ። በሩን ሳይቀር ሰማያዊ ቀለም አስቀቡት።

በዚያች የጳጉሜን ቅዳሜ ያ በር አልዘጋ ብሎ አገኘችው። እዚያው ግቢ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር የሚኖረው ልጃቸው አልአዛር በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለቴ በመላጊያ ልጎታል፤ ዛሬም ታችኛው ጫፉ ወለሉን እየፋቀ ነው። ወይዘሮ ታቢታ እንጨቱ ዝናብ ጠጥቶ አብጦ ነው አሉ። ሩሀማ ግን የአናጢ ልጅ ናት። አባቷ ከወላይታ መጥቶ ሐዋሳ ውስጥ ዕድሜውን የፈጀው በርና መስኮት ሲሠራ ነው። በር አልዘጋ ካለ በሩን አትስደቡት ይላል፤ መቃኑን እዩ፣ መቃኑ ከዘመመ ግድግዳውን እዩ፣ ግድግዳውም ከዘመመ መሬቱን እዩ። መቃኑን አየችው። ዘሟል። ግድግዳውን አየችው። መሬቱን ለማየት ግን ያን ቀን ልቧ አልፈቀደላትም።

ሌላም ነገር ነበር። ከግቢው በላይ ያለው የጥንት ምንጭ ከሰሞኑ ደፍርሶ እንደ ክር ቀጥኗል። በምትኩ ከታች፣ አቶ ሱሌይማን ጓሮ፣ እንሰቱ ሥር አዲስ ምንጭ ፈልቋል። አቶ ሱሌይማን የቡና ማጠቢያ ዘበኛ ሆነው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ጆሯቸው የከበደ ሽማግሌ ናቸው። ሰው ሲሄድ ሲመጣ እየጠሩ ያሳዩታል። እኔ ወደ ውሃ መውረድ ሲያቅተኝ ውሃው እኔ ጋ መጣ እያሉ ይስቃሉ። መንደርተኛው ሁሉ ተመስገን አለ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሩሀማ ብስክሌቷን ግቢው ውስጥ ትታ ከአልአዛር ጋር ወደ ላይ፣ ወደ ግጦሹ ወጣች። ስንጥቁን ያገኘችው ሣሩ መሃል ነው። ጣት የምታህል ነበረች። ግን አጭር አልነበረችም፤ እንደ ማጭድ ጎብጣ ከኮረብታው አንደኛው ጎን ተነስታ፣ የመንደሯን አምስት ቤቶች ከበላያቸው አቅፋ፣ ወደ ሌላኛው ጎን ታልፋለች። አልአዛር ጠጠር አንስቶ ወረወረባት። ጠጠሩ ሲያርፍ አልተሰማም። አልአዛር የባሕር ዛፍ ካስማ ጠርቦ አመጣና ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ተከሉ።

ለመስቀል ስንጥቋ ጋት ሆነች። ከመስቀል በኋላ ዝናቡ ቆመ፣ ሰማዩ ጠራ፣ አደይ አበባው ኮረብታውን አለበሰው፤ ሩሀማም እፎይ አለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስትመጣ ግን ስንዝር ሆናለች። ከታች በኩል ያለው ሣር ከላይኛው ዝቅ ብሎ እንደ ደረጃ ሆኗል። ከሁሉም ይልቅ ያስፈራት ይሄ ነበር፤ ዝናብ በሌለበት፣ በጠራ ፀሐይ፣ ማንም ሳይነካው መሬቱ ዝም ብሎ ይከፈታል።

ለሳሙኤል ነገረችው። ሳሙኤል ክፉ ሰው አይደለም፤ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየላት። ዋልካ መሬት ፀሐይ ሲያገኘው ይሰነጠቃል አላት፤ እኔ በመኪና ስንት አገር ዞሬ ስንት ስንጥቅ አይቻለሁ፣ አንድም ቀን ኮረብታ ሲወርድ አላየሁም። እንግዶቹም ቦታ ይዘዋል፣ ሌላ መንገድ ለማውጣት ጊዜ የለም። ሩሀማ አልተከራከረችውም። እውነቱን ለመናገር ልታምነው ፈልጋ ነበር። መንገዱ የእሷ ነው፤ ፎቶዋም የእሷ ናት።

ቢሆንም ቀበሌው ድረስ ሄዳ አመለከተች። የግብርና ባለሙያው ማስታወሻው ላይ ጻፈላት፣ ለበላይ አስተላልፋለሁ አላት፣ በሳምንቱ ስትደውል ደብዳቤው ሄዷል አላት። ለወይዘሮ ታቢታም ነገረቻቸው፤ አንዴ አይደለም ሁለቴ። ለጥቂት ጊዜ እንኳ የልጅዎ አማቶች ዘንድ፣ ወዲያኛው ሸንተረር ላይ ቢቀመጡ አለቻቸው። ወይዘሮ ታቢታ እጇን ያዝ አድርገው ሰሟት። ይህ ቤት ሠላሳ ስምንት ዓመት ቆሟል፣ አሏት። ባሌ ጓሮው ውስጥ ተቀብሯል። ላሚቱ ልትወልድ ደርሳለች። መሬት ተሰነጠቀ ብዬ ማን ደጅ ልውደቅ?

እንግዶቹ ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ ሐሙስ ዕለት፣ እንደገና ወጣች። ስንጥቁ ክንድ ሆኗል። የታችኛው ካስማ ወደ ፊቱ ተደፍቷል። ዋንዛው ዘንበል ብሏል፤ ወፍ አንድም አልነበረበትም። እዚያው ሣሩ ላይ ተቀምጣ ብዙ ቆየችና አንድ ነገር ወሰነች።

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እንግዶቹ ሐዋሳ ጉዱማሌ ሜዳ ተሰበሰቡ። ደስተኞች ነበሩ፤ ከመካከላቸው አንዲት የጥርስ ሐኪም ያቺን ፎቶ ስልኳ ላይ አውጥታ እዚህ መቼ እንደርሳለን ብላ ሩሀማን ጠየቀቻት። እንደርሳለን፣ አለቻት። ከተማውን ወጡ፣ ቱላን አለፉ፣ ከአስፋልቱ ታጥፈው ሸለቆው ውስጥ ገቡ። ቀኑ የተመረጠ ነበር። ቡናው ቀልቷል፣ ሕፃናት ከየአጥሩ እየወጡ አብረዋቸው ይሮጣሉ፣ ቁልቁለቱ ላይ እንግዶቹ እግራቸውን ከፔዳሉ አንስተው ይጮሃሉ። ሩሀማ ከፊት ሆና ወንዙን ብቻ ታይ ነበር። ሁለት ሳምንት ዝናብ አልጣለም፤ ወንዙ ግን ደፍርሷል።

ድልድዩ ጋ ስትደርስ ብስክሌቷን መንገዱ ላይ አጋድማ አቆመቻቸው። የኮረብታው መንገድ ተበላሽቷል፣ ከወንዙ ወዲህ ባለው ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ እናርፋለን አለቻቸው። እንግዶቹ ተንጫጩ። የጥርስ ሐኪሟ ፎቶዋን አሳየቻት። ሳሙኤል ከኋላ ደርሶ ክንዷን ይዞ ወደ ዳር ወሰዳት።

«ይሄን ሐዋሳ ሆነሽ አትነግሪኝም ነበር?»

«ብነግርዎት ኖሮ ያስቀሩኝ ነበር፣ ጋሽ ሳሙኤል።»

«እና አሁን ምን ልትሠሪ ነው?»

«መንደርተኞቹን ላወርዳቸው ነው። እንግዶቹን ለሁለት ሰዓት ያህል እዚህ ያቆዩልኝ፤ ሌላ አልለምንዎትም።»

ሳሙኤል ኮረብታውን ቀና ብሎ አየው። ከታች ሆኖ ለሚያየው ኮረብታው ለምለም ነው፣ ምንም አይታይበትም። ትከሻውን ሰብቆ ወደ እንግዶቹ ተመለሰ።

እሷ ዳገቱን ብስክሌቷን እየገፋች ወጣች። ወይዘሮ ታቢታ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፣ አሥራ አንድ ብርጭቆ ትሪ ላይ ደርድረው፣ ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነበር። ሩሀማ እንግዶቹ ደክመዋል አለቻቸው። አንዷ ጉልበቷን ታማለች፣ ዳገቱን መውጣት አቅቷቸው ማዶ ሜዳው ላይ ተቀምጠዋል፣ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሱም። ስትናገር ዓይናቸውን አላየችም።

«ታዲያ እንግዳ ተርቦ እኔ እዚህ ልቀመጥ?» አሉ ወይዘሮ ታቢታ፤ ወዲያውኑም ጎረቤቶቻቸውን ተጣሩ።

ስለ ስንጥቁ ስትለምናቸው አንድ እርምጃ ያልተነቃነቁት ሰዎች፣ እንግዳ ተራበ ሲባሉ ከአምስቱም ቤት ወጡ። ቡርሳሜው በሸክላ ገበታ ተከድኖ፣ እርጎው በቅል ተሞልቶ፣ ሙዙ በዘለላ ተቆርጦ፣ ሴቱ በራሱ ወንዱ በትከሻው ተሸክሞ፣ ልጁ ከኋላ ተከትሎ ወረደ። አቶ ሱሌይማን እንኳ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ በፌስታል የቋጠሩትን ማር አንጠልጥለው መጡ። አልአዛር ብቻ ሩሀማን አተኩሮ አያት። ካስማዎቹን አብሯት የተከለው እሱ ነው። ሁለቱን ልጆቹን አንስቶ ትከሻው ላይ አወጣቸው።

ሜዳው ላይ ተበላ፣ ተጠጣ። እንግዶቹ ቅሬታቸውን ረሱ። የጥርስ ሐኪሟ ወይዘሮ ታቢታን አቅፋ ፎቶ ተነሳች። ሩሀማ ምግቡን ሳትነካ ማዶውን ኮረብታ ስትመለከት ዋለች። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ኮረብታው እንዳለ ነው። እንግዶቹ ለመንገዱ ተነሱ፤ መንደርተኛውም ባዶ ገበታውን አነሳ።

ከዚህ በኋላ የሚያቆይ ምክንያት አልነበራትም። ድልድዩ አፍ ላይ ቆማ እውነቱን ተናገረች፤ ሆን ብላ እንዳወረደቻቸው፣ ዛሬ ማታ እንዳይመለሱ። አቶ ሱሌይማን ስላልሰሙ ምን አለች ብለው ጠየቁ፤ አልአዛር ጆሯቸው ላይ ተጠግቶ ኮረብታው ይወርዳል ትላለች አላቸው። ሽማግሌው ሳቁ። ኮረብታ ወደ ታች ካልወረደ ወዴት ሊሄድ ነው አሉና ምርኩዛቸውን አንስተው መንገድ ጀመሩ።

ወይዘሮ ታቢታ ግን አልሳቁም። ቀስ ብለው ወደ ሩሀማ ቀረቡ።

«ልጄ፣ እኔን ማስፈራራት ትችያለሽ። በእንግዳ ስም ግን አይዋሽም። ዛሬ ያበላሁትን ምግብ መራራ አደረግሽብኝ።»

ይህን ብለው ድልድዩን ተሻገሩ፤ መንደርተኛውም ተከተላቸው። የአልአዛር ሚስት ብቻ ልጆቿን ይዛ እናት አባቷ ቤት፣ ማዶ ሸንተረሩ ላይ ቀረች። ሳሙኤልም ወደ ሐዋሳ ሲመለሱ ሙሉ መንገድ አላናገራትም።

እሑድ ማታ ሰማዩ ተደፈነ። ጥቅምት ላይ የማይጠበቅ ዝናብ ሌሊቱን ሙሉ ጣለ፣ ሰኞም ቀጠለ። ከቀትር በኋላ አልአዛር ደወለ። ድምፁ ዝናብ ውስጥ ይቆራረጣል። ሦስቱ ቤቶች ትናንትና ዛሬ ለቀው ወጥተዋል፣ የግቢያቸው እህል ማስቀመጫ ግድግዳ ከሁለት ተከፍሏል፣ ላሚቱን እሱ ራሱ አሻግሯታል። እናቱ ግን እምቢ ብላለች። አቶ ሱሌይማንም አሉ።

«ከቤት አስወጣችኝ፣» አላት። «አንቺን ተቀይማሻለች፤ ግን የሚያወርዳት ካለ አንቺ ነሽ።»

ሩሀማ ብስክሌቷን አውጥታ በዚያ ዝናብ ተነሳች። አስፋልቱ ላይ የጭነት መኪኖች ጭቃ ይረጩባታል፣ ሸለቆው ውስጥ ስትገባ ደግሞ መንገዱ ራሱ ጅረት ሆኗል። ድልድዩ ጋ ስትደርስ ውሃው ግንዶቹን ሊነካ ስንዝር ቀርቶት ነበር። አልአዛር ከድልድዩ ወዲህ ላሚቱን ዛፍ ላይ አስሮ ቆሟል። ብስክሌቷን እሱ ጋ ትታ በእግሯ ወጣች። ዳገቱ ላይ ከእግሯ በታች የሆነ ድምፅ ሰማች፤ ጥርስ ሲፋጭ የሚመስል፣ ከጥልቅ የሚመጣ። ቆም ስትል ይቆማል፤ ስትራመድ ይቀጥላል። ወይም እንዲያ መሰላት።

ሰማያዊው በር ሙሉ ለሙሉ ተሰንጥቆ ወድቋል። ወይዘሮ ታቢታ ውስጥ መደቡ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሩሀማ አልለመነቻቸውም። የረጠበውን ጃኬቷን አውልቃ ምሰሶው ላይ ሰቀለችና ከጎናቸው ተቀመጠች።

«ምን ልትሆኚ ነው?» አሉ ወይዘሮ ታቢታ።

«እርስዎ ካደሩ እኔም አድራለሁ።»

ጣሪያው ላይ ዝናቡ ይወርዳል። አንድ ጊዜ ቤቱ በሙሉ፣ ሰው በእንቅልፉ እንደሚገላበጥ፣ ቀስ ብሎ ተንቋቋ፤ ከግድግዳው ምርጊት ረገፈ። ሩሀማ የመደቡን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች። ወይዘሮ ታቢታ ያንን አዩ።

«እናትሽ አለች?» ብለው ጠየቁ።

«አለች።»

«የሰው ልጅ ቤቴ አይሞትም፣» አሉና ተነሱ።

ጓሮ ሄደው ከባላቸው መቃብር አንድ ጭብጥ አፈር ዘግነው መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩ። ሌላ ምንም አልያዙም። ሩሀማ ደግፋቸው መውረድ ጀመሩ። መንገዱ በየቦታው ተሰንጥቋል፤ የስንጥቁን አፍ እየተሻገሩ፣ እየተንሸራተቱ፣ ሁለቴ እየወደቁ ወረዱ። ብርሃኑ እየደከመ ነበር። የአቶ ሱሌይማን አጥር ጋ ሲደርሱ በሩ ከውስጥ በገመድ ታስሯል። ከጣሪያው ጭስ ይወጣል፤ ሽማግሌው አሉ ማለት ነው። ሩሀማ አቶ ሱሌይማን ብላ ተጣራች። ዝናቡ ድምፅዋን ዋጠው። ወይዘሮ ታቢታ ክንዷ ላይ ተንጠልጥለው ትንፋሻቸው ተቆራርጧል። ከእግራቸው በታች ያ ድምፅ እንደገና ተሰማ። ወደ አጥሩ አየች፣ ወደ ታች ወደ ድልድዩ አየች። ከዚያ ሄደች።

አልአዛር ድልድዩ አፍ ላይ ተቀብሎ እናቱን አዘላቸው። አቶ ሱሌይማንስ ብሎ ጠየቃት።

«ጠርቻቸዋለሁ፣» አለችው።

እየመጡ ነው ማለቷ መሰለው። ሦስቱም ከተሻገሩ በኋላ ቆሞ ጠበቀ። ሽማግሌው ሳይመጡ ቀሩ፤ ውሃውም ግንዶቹ ላይ ወጣ። ጠዋት ሲጎድል ሄጄ አመጣቸዋለሁ አለ።

ማክሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት አልፎ ነበር፣ ዝናቡም አባርቶ ነበር። የአልአዛር አማቶች ቤት ሆነው የሰሙት ድምፅ ነጎድጓድ አይመስልም፤ መቶ መኪና ባንድ ጊዜ ድንጋይ ሲያራግፍ የሚመስል፣ ያለቀ ሲሉት የሚቀጥል ድምፅ ነበር። ሲወጡ ማዶው በጉም ተሸፍኗል። ጉሙ ሲገለጥ የጎንዶሬ ወገብ የለም። በቦታው ቀይ፣ እርጥብ፣ እንደ ተገፈፈ በግ ሥጋ የመሰለ ገደል ቆሟል። አምስቱም ቤቶች የሉም። ትልቁ ዋንዛ ከነሥሩ፣ ሳይወድቅ፣ እንዳዘነበለ ወርዶ ወንዙ መሃል ቆሞ ነበር። ወይዘሮ ታቢታ እጃቸውን መቀነታቸው ላይ አድርገው አዩት እንጂ አላለቀሱም። ያለቀሰው አልአዛር ነው።

አቶ ሱሌይማንን ስድስት ቀን ፈለጓቸው። ሳሙኤል ፒካፕ ተከራይቶ አካፋና ሰው ጭኖ መጣ፤ ሩሀማ አጠገብ ቆሞ ሲቆፍር ዋለ። ስለ ዋልካ መሬት የተናገረውን ሁለቱም አላነሱትም። አስከሬኑ አልተገኘም። በስድስተኛው ቀን የሽማግሌው ልጅ ሙንተሃ ይበቃል አለች፤ አስከሬን በሌለበት ሶላት ተሰገደባቸው።

ሙንተሃ ሐዋሳ መሃል ከተማ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያላት፣ ከሩሀማ ጥቂት የምትበልጥ ሴት ናት። ሩሀማ ለቅሶ ልትደርስ ስትሄድ ድንኳኑ ሰው ሞልቶት ነበር። መንደርተኛው ወሬውን ቀድሞ አድርሷል። ስትገባ ሰዎች ብድግ አሉላት፤ ይህች ናት ያቺ የብስክሌቷ ልጅ፣ ይህች ናት ሰዉን ያተረፈችው እየተባለ ቦታ ተለቀቀላት። መቀመጥ አቃታት። ሙንተሃ እጇን ስባ ከጎኗ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠቻት።

ሰው ጥቂት ሲያንስ ሙንተሃ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ፊቷን ሳታዞር፣ ጠየቀቻት።

«አባቴን ያን ቀን አግኝተሽው ነበር?»

ሩሀማ ይህን ጥያቄ ስትፈራው ሰንብታለች። ጠርቻቸው ነበር ብትል ውሸት አይሆንም። አልአዛርም የሚያውቀው ያንኑ ነው።

«ከአጥሩ ውጭ ሆኜ አንድ ጊዜ ጠራሁ፣» አለች። «ጭስ ይወጣ ነበር፤ ቤት እንዳሉ አውቄአለሁ። እንደማይሰሙም አውቃለሁ። ገመዱን ፈትቼ መግባት እችል ነበር። ፈርቼ አልፌ ሄድኩ። ለአልአዛርም ጠርቻቸዋለሁ አልኩት እንጂ አልወጡም አላልኩትም።»

ሙንተሃ እጇን ከሩሀማ እጅ አወጣችና የነጠላዋን ጫፍ መጠቅለል ጀመረች። ሩሀማ ልትነሳ አስባ ተመልሳ ተቀመጠች። ከድንኳኑ ውጭ ባጃጅ ጡሩምባ እየነፋ አለፈ።

«ዝናብ ሲሆን ቆርቆሮው ስለሚጮህበት ጭራሽ አይሰማም ነበር፣» አለች ሙንተሃ በመጨረሻ። «ሰኞ ማታ ደውዬለታለሁ። ሃሎ ሃሎ ይላል፣ እኔን አይሰማኝም። ሦስት ጊዜ ሃሎ አለ። ነገ እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁት።»

አዲስ ለቀስተኞች ገቡ። ሙንተሃ ከሩሀማ አጠገብ ሳትነሳ ወደ እሷ ትንሽ ጠጋ አለችና ለእነሱ ቦታ ለቀቀች።